አሥራ አራት በወይዘሮ ኢርማ ቤት

ሳልቶ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 2002

አበልጄ አማዴዮ፣

ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ? ያ የግራ ጥርስህ፣ በረንዳህ ላይ የሚያንጠባጥበው ጣራ፣ ውሻህ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? የክርስትና ልጄ ኖኤሚ ከቦነስ አይረስ ደወለች ወይ? ባለቤቴ ቼላ «ከሁሉ በፊት ስለ ጥርሱ ጠይቅልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ጠየቅሁ።

ደብዳቤህን ጀልባ ነጂው ሴቬሪኖ ማክሰኞ ዕለት አምጥቶ ሰጠኝ። አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ ቁም ነገሩ ግን አንድ መስመር ናት፤ «መቼ ነው የምትሻገረው?» አንተ ዕድሜህን በባቡር ጣቢያ ያሳለፍክ ሰው ስለሆንክ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ የመነሻ ሰዓት ያለው ይመስልሃል።

ደንባችንን አልረሳሁም። ኖኤሚን ክርስትና ካነሳሁ ጀምሮ፣ ማለትም ከ1979 ጀምሮ፣ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አብረን ምሳ እንበላለን። ከሁለታችን ገንዘቡ የበረታው ወንዙን ይሻገራል፤ የተሻገረው ይከፍላል። እስካለፈው ወር ድረስ አንድም ወር አልዘለልንም። በ89 የእናንተ የአርጀንቲናዎቹ ገንዘብ እንደ በረዶ ሲቀልጥ የምሻገረው እኔ ነበርኩ። ትዝ ይልሃል? ሾርባው ሲቀርብና ሥጋው ሲቀርብ ዋጋው ስለሚለያይ አስተናጋጁ «ጌታዬ፣ ሳይበሉ ይክፈሉ፤ ለእርስዎው ብዬ ነው» ይለኝ ነበር። ከዚያ ፔሷችሁ ከዶላር ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመችና አሥር ዓመት ሙሉ አንተ ስትሻገር ኖርክ። አንዱ ፔሶህ የኛን የኡራጓዮቹን አሥራ አራት ፔሶ ሲያወጣ፣ ከጀልባው ስትወርድ አገረ ገዥ ትመስል ነበር! እኔም እታችኛው ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ውሃው ጫማዬን እየነካው፣ እጅህን ይዤ አወጣህ ነበር።

አሁን ገንዘባችሁ ወድቋል። ወደቡ ላይ ያለው መንዛሪ ትላንት ሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ተራው የኔ ነው፤ አልካድኩም። ግን ዋጋው ገና አልረጋም። ዛሬ ዘጠኝ ነው፣ ነገ ስምንት ሊሆን ይችላል። አንድ ወር ብንታገሥ ምን እንሆናለን? እስኪረጋ እንቆይ።

እኔ ደህና ነኝ።

ያንተው ኤልቢዮ

—

ኮንኮርዲያ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2002

ኤልቢዮ፣

ጥርሴ ወለቀ። ጣራው ያንጠባጥባል። ውሻው ደህና ነው። ኖኤሚ ደውላለች። ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ነው የሚመልሰው። አንተ ግን ስለ አሥር ነገር ጠይቀኸኝ እኔ ለጠየቅሁህ አንድ ነገር መልስ የለህም።

ቅዳሜ ዕለት ሳልቶ በሙሉ እዚህ ነበር። ዘይት፣ ዱቄት፣ ሳሙና፣ የሕፃን ዳይፐር ምንም አልቀረም፤ መደርደሪያውን ጠርገው ወሰዱት። ሁለት ሰዎች ፍራሽ ተሸክመው በደጄ አለፉ። የደብራችሁ ቄስ በእያንዳንዱ እጃቸው አንድ አንድ ጀሪካን ዘይት ይዘው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰላም አሉኝ። አንድም ሰው አልወቅስም። የኛም ሰዎች አሥር ዓመት እናንተ ዘንድ እንደዚሁ ሲያደርጉ ኖረዋል።

እኔ ጓሮዬ ውስጥ እሳት አንድጄ ነበር። ባንኩ ገንዘቤን ቆልፎታል፤ በሳምንት ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ አይሰጠኝም። ከዚያ ላይ ሥጋ ገዛሁ። ምንም እንኳ ከፋዩ አንተ ብትሆን፣ ቤቴ መጥተህ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ፈለግሁ። አንድ የናንተ አገር ጎረምሳ በአጥሩ ላይ አንገቱን አሾልኮ «አባት፣ ጥብሱ በስንት ነው?» አለኝ። «የሚሸጥ አይደለም፤ እንግዳ እየጠበቅሁ ነው» አልኩት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅሁ። ከዚያ ለውሻው ሰጠሁት።

ቼላን ገበያ ውስጥ አየኋት። እሷም አየችኝ። ከዱቄት ጆንያ ኋላ ተደበቀች። ባለቤቴ ኦልጋ ስትሞት እቤቴ አሥር ቀን ያደረች ሴት ከኔ ትደበቃለች?

ቤቴ ድሮ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ድሃ ስሆን ነው ወይ የራቀህ?

አማዴዮ

—

ሳልቶ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2002

አበልጄ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ሁለተኛም ይቅርታ። ስለ ውሻው ግን ደስ ብሎኛል፤ በዚህ ዘመን ጠግቦ የሚያድር ማን አለ?

«ተጣላን ወይ?» ብለህ በሴቬሪኖ አፍ ላክህብኝ። ምን አጣልቶን? በ83 በኳስ ከተጣላነው ሌላ ተጣልተን እናውቃለን? ያኔም ቢሆን ጥፋተኛው አንተ ነበርክ። ቼላ የተደበቀችው ስላፈረች ነው። ሃያ ኪሎ ዱቄት ገዝታ ነበር። እኛ ሁለት ሰዎች ነን፤ ሃያ ኪሎ ምን ሊሠራ ነው? ርካሽ ነገር ሲያዩ ሰዎች ይታመማሉ፤ አንተም ታውቀዋለህ፣ በ95 ስድስት ዣንጥላ ገዝተህ የሄድክ አንተ አይደለህ እንዴ?

ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ወደ እናንተ የሚሻገር ሁሉ ፀጉሩን ሳይቆረጥ አይሄድም፤ እንደ ሰርግ አድርገውታል። የፀጉር ቤቴ ወንበር ባዶ አይሆንም።

አሁን ግን የምነግርህ ትልቅ ወሬ አለኝ። የወደቡ ምግብ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ኢርማን ታውቃታለህ፤ አሥር ዓመት ያበላችህ ሴት ናት። ኢርማ ፔሷችሁን ዛሬም በአሥራ አራት ነው የምትቀበለው! በዐይኔ አይቻለሁ፤ ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ሰሌዳ በጠመኔ «14» ተብሎ ተጽፏል። እህቷ ኮንኮርዲያ ስለምትኖርና የናንተ ገንዘብ ስለሚያስፈልጋት ነው። ለሁሉም ሰው አይደለም፤ ለድሮ ደንበኛ ብቻ ነው። አታውራው።

እንግዲህ በሕግ እንሂድ። ሌላው ቦታ ሁሉ የኔ ገንዘብ በርትቷል። በኢርማ ቤት ውስጥ ግን የበረታው ያንተ ነው። ምሳ የምንበላው ደግሞ በኢርማ ቤት ነው። የበረታው ይሻገራል። ስለዚህ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው። ዳኛ ፊት ብንቀርብ እረታሃለሁ።

ማርች 2 ይሁን ወይስ ኤፕሪል?

ኤልቢዮ

—

ኮንኮርዲያ፣ ማርች 5 ቀን 2002

ኤልቢዮ፣

ሬዲዮው ሰባት ይላል። የመንገዱ መንዛሪ ሰባት ይላል። የባቡር ጣቢያው ዘበኛ፣ ማንበብ የማይችለው፣ እሱም ሰባት ይላል። አንተ አሥራ አራት ትለኛለህ።

ኢርማ እህት የላትም። ምግቧን ስበላ አሥር ዓመት ያወራችኝ ስለ ሦስት ወንድሞቿ ነው። አንዱ ሞንቴቪዴዮ ነው፣ አንዱ ይጠጣል፣ አንዱ ሞቷል። እህቷ መቼ ተወለደች?

ሴቬሪኖን «ኤልቢዮ ታሟል እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ወንዙ ሞልቷል» አለኝ። ወንዙ አልሞላም። እንደገና ጠየቅሁት። «አቶ አማዴዮ፣ እኔ ደብዳቤ ነው የማደርሰው» ብሎ ገመዱን መቋጠር ጀመረ። ሲቋጥር እጁን አየሁት፤ የፈታውን መልሶ ይቋጥራል፣ የቋጠረውን መልሶ ይፈታል።

ማርች 2ም አለፈ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ያልዘለልነውን ምሳ አሁን ሦስቴ ዘለልነው። እኔ በወደቀ ገንዘብ ተሻግሬ የሰው ማዕድ ላይ የምቀመጥ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። አባቴም አላደረገውም። አንተም ካልመጣህ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቁ ነው፤ ሽማግሌዎች ነን፣ እንዲህ የተቋረጠ ነገር በኛ ዕድሜ ተመልሶ አይቀጠልም። ይህን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ታመሃል? አዎ ወይም አይደለም በል። ቀልድ እንዳትጨምርበት።

አማዴዮ

—

ሳልቶ፣ ማርች 11 ቀን 2002

አማዴዮ፣

አዎ።

በስኳሩ ነው። በኖቬምበር የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ቆሰለች። ጫማ ነው የላጣት ብዬ ናቅኋት። ከዚያ ጠቆረች። በዲሴምበር አጋማሽ ሆስፒታል ገባሁና ሐኪሙ መጀመሪያ ጣቷን፣ ከዚያ እግሬን፣ ከዚያ ከጉልበቴ በታች ያለውን ሁሉ ወሰደው። አሁን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምሄደው። ፀጉር ቤቱ አለ፤ ደንበኛውን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀምጬ እቆርጣለሁ። ረጃጅሞቹ ብቻ ይነጫነጫሉ።

ለምን አልነገርከኝም ትላለህ። እኔ ሆስፒታል የገባሁት ባንካችሁ በተቆለፈ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ብነግርህ በዋናም ቢሆን ትመጣ ነበር፤ የቀረችህንም ሳንቲም መድኃኒት ትገዛባት ነበር። ላለመናገር ያሰብኩት ለአንድ ሳምንት ነበር። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ሲረዝም አፌን መክፈት ከበደኝ። ቼላንም ሴቬሪኖንም አስምያቸው ነበር፤ አትቆጣቸው። ቼላ ከገበያ የመጣች ቀን «ሁለተኛ እንዲህ አታድርገኝ» ብላ አልቅሳለች።

ወደ ጀልባው የሚወርደውን ደረጃ ታውቀዋለህ። ሴቬሪኖ «ተሸክሜ አወርድሃለሁ» አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ እንደ ሽንኩርት ጆንያ ተጭኜ አልወርድም። ደግሞ እፈራለሁ። ውሃ ፈርቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን እፈራለሁ።

ናፍቀኸኛል። ይኸው፣ ቀልድ አልጨመርኩበትም።

ስለ ኢርማ እህት ልክ ነህ፤ የለችም። አሥራ አራቱ ግን አለ። ምክንያቱን እሷን ጠይቃት። ሰው በገዛ ቤቱ በፈለገው ዋጋ ቢመነዝር ማን ምን አገባው? አንተ በገንዘብህ መጥተህ በገንዘብህ ትከፍላለህ፤ የሰው ማዕድ ላይ አትቀመጥም። ኤፕሪል 6 ቅዳሜ ነው። እኔ ኢርማ ቤት እጠብቅሃለሁ።

ኤልቢዮ

—

ኮንኮርዲያ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2002

ኤልቢዮ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ውሻውም ስላመሸሁ አልተቆጣም።

ስላየሁት ነገር ብዙ አልጽፍም። እግርህ ሄዷል፣ ምላስህ ግን እንዳለ ነው፤ ሐኪሙ ተሳስቶ ሌላውን ቢቆርጥ ኖሮ ቼላ ታመሰግነው ነበር። ይህን እዚያው ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ከጀልባው ስወርድ በልማድ እጄን ዘረጋሁ። እታችኛው ደረጃ ላይ ማንም አልነበረም። የያዘኝ ሴቬሪኖ ነው።

አሁን ስለ ሂሳቡ። ለሦስታችን የበላነው ሁለት መቶ ሰማንያ የናንተ ፔሶ ነበር። እኔ ለኢርማ አንድ የሃምሳ ኖት ሰጠኋት። እሷም በአሥራ አራት አባዝታ፣ የምሳውን ቀንሳ፣ አራት መቶ ሃያ የናንተ ፔሶ መለሰችልኝ። ስትቆጥርልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

ወደቡ ላይ የመንዛሪው ሰሌዳ አምስት ይላል። ቆሜ አሰብኩ። ያን አራት መቶ ሃያ እዚያው ብመነዝረው ሰማንያ አራት ፔሶ ይሆናል። ሃምሳ ይዤ ሄጄ፣ ሦስት ሰው ሥጋ አብልቼ፣ ሰማንያ አራት ይዤ ልመለስ ነው። በዚህ ወንዝ ላይ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ ምሳ ጋብዞ ያተረፈ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

አልመነዘርኩትም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አልጠይቅህም። ሜይ 4 እመጣለሁ። መልስ እንዳያስፈልገኝ ዝርዝር ሃያ ፔሶ ብቻ ይዤ ነው የምመጣው።

አማዴዮ

—

ሳልቶ፣ ጁን 4 ቀን 2002

አበልጄ፣

ክረምቱ ገባ፤ ጉልበትህን በሱፍ ጠቅልል። የላክኸው ብርቱካን ደርሷል። ብርቱካን ወደ ሳልቶ መላክ ለዓሣ ውሃ መስጠት ነው፤ ቼላ ግን «ከኛ ይጣፍጣል» ብላ በላችው። ከኛ አይጣፍጥም።

ስለዚያ የአራት መቶ ሃያ ፔሶ መልስ ኢርማ አላሰበችበትም ነበር። ሴትየዋ ወጥ ነው የምትሠራው፣ ባንክ አይደለችም። ማንስ ያስብ ነበር? እኔም ብሆን አላስብም ነበር። ያለፈው አልፏል፤ አታንሳብኝ።

እኔ ያንተን ሌላ ነገር ላንሳ። በሜይ ሾርባ አዘዝክ። ይሁን ብዬ አለፍኩ። ባለፈው ቅዳሜም ሾርባ አዘዝክ። ኢርማ «አቶ አማዴዮ፣ ዛሬ የጎድን አጥንት አለኝ» ስትልህ «ሾርባ ይሻለኛል» አልካት። «እንግዲያስ ዶሮ ላምጣ?» ስትልህ «ሾርባ» አልካት። አንተ ከሄድክ በኋላ እኔ ላይ መጣች፤ «ሥጋዬ ምን ሆነ? ሸተተ? ለሰው ምን አልክ?» እያለች በማንኪያ ጠረጴዛዬን ደበደበችው። ሰው በአሥራ አራት እየመነዘረ ሾርባ ያዛል? በአሥራ አራት ሰው ሥጋ ነው የሚያዘው! አሥር ዓመት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጠህ አጥንት ስትግጥ የኖርክ ሰው ነህ፤ ከመቼ ወዲህ ነው መነኩሴ የሆንከው?

እኔ ደህና ነኝ። በዚህ ጊዜ እውነቴን ነው። ሐኪሙ ቁስሉ ሽሯል፣ በመጪው ዓመት ሰው ሠራሽ እግር ሊገጠምልህ ይችላል ብሎኛል። ለዚያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ባንክ አለኝ። ከዚያ በኋላ ደረጃውን እወርዳለሁ፣ ወንዙንም እሻገራለሁ፣ አንተም ሥጋ ትጠብስልኛለህ፤ ለውሻህ አታስተርፍም።

ኤልቢዮ

—

ኮንኮርዲያ፣ ጁላይ 22 ቀን 2002

ኤልቢዮ፣

ሾርባው በጥርሴ ምክንያት ነው። ጥርስህ በጃንዋሪ ወልቋል እንዳትለኝ፤ ይኸኛው ጎረቤቱ ነው። ለኢርማ ሥጋዋ የከበረ እንደሆነ ንገርልኝ።

በጁላይም ሾርባ ስላዘዝኩ ከኔ ጋር ያላወራኸውን ግማሽ ሰዓት ቆጥሬብሃለሁ። ልጅ አትሁን።

አሁን ከቀልድ ውጪ። ከናንተ በኩል የምሰማው ወሬ አላማረኝም። እዚህ ገበያ የሚመጡት የሳልቶ ሰዎች እያነሱ ነው። ባንክ በር ላይ ተሰለፉ ይላሉ። እኛ ባለፈው ዓመት ያየነው እንዲህ ነበር የጀመረው፤ መጀመሪያ ሰልፍ፣ ከዚያ በሬዲዮ «ምንም የሚያሰጋ ነገር የለም»፣ ከዚያ ቁልፍ። ለእግርህ ያስቀመጥከው ገንዘብ የት ነው? ዛሬውኑ አውጣው። ደብዳቤውን ሳትጨርስ ሂድ።

አማዴዮ

—

ሳልቶ፣ ኦገስት 12 ቀን 2002

አማዴዮ፣

ደብዳቤህ በደረሰኝ በማግሥቱ ቼላ ወንበሬን ገፍታ ወሰደችኝ። ሰልፉ ከባንኩ አልፎ ጥጉ ድረስ ዞሯል። ሰዎች አሳዝኛቸው ከፊት አስገቡኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ «ጋሼ ኤልቢዮ፣ ዛሬ ሳጥኑ ባዶ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» አለችኝ። በልጅነቷ ፀጉሯን የምቆርጥላት እኔ ነበርኩ፤ መዋሸት እንደማትችል አውቃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ባንኮች ሁሉ ተዘጉ። ሌሎቹ ተከፍተዋል። የኔው አልተከፈተም፤ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈውበታል።

ኦገስት 3 «ጉንፋን ይዞኛል፣ አትምጣ» ብዬ በሴቬሪኖ የላክሁብህ ውሸት ነው። ጉንፋን አልያዘኝም።

ገንዘባችንም ወድቋል። ወደቡ ላይ ሰሌዳው ስምንት ይላል፤ ግን ያ ስምንት እናንተ ስለተነሳችሁ አይደለም፣ እኛ ስለወረድን ነው። በኢርማ ቤት አሥራ አራቱ ከእንግዲህ የለም። ሰሌዳዋን ባለፈው ሳምንት አጠበችው። የሷ ጥፋት አይደለም፤ ምንም እንዳትላት።

እንግዲህ ሴፕቴምበር 7 አትምጣ። ኢርማ ዋጋ ጨምራለች፤ በስምንት ብትመነዝር ምሳው ወደ አርባ ፔሶ ይጠጋብሃል፤ ያንተን ጡረታ አውቀዋለሁ። እኔም እንዳልከፍል እጄ ባዶ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት በልተናል፤ የሚያሳፍር አይደለም። ለጊዜው እንተወው። እስኪረጋ።

ለኖኤሚ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ኤልቢዮ

—

ኮንኮርዲያ፣ ኦገስት 20 ቀን 2002

አበልጄ ኤልቢዮ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ቀልድ የለበትም። ከእግርህ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ።

አንተ «እስኪረጋ» ትላለህ። እኔና አንተ ከተዋወቅን ጀምሮ አንድ ቀን ረግቶ ያውቃል? አንዴ እኛ ስንወጣ እናንተ ስትወርዱ፣ አንዴ እናንተ ስትወጡ እኛ ስንወርድ ነው ያረጀነው። ምሳ ለመብላት መርጋቱን ብንጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ፆማችንን ነበርን።

አሁን ያልጠየቅሁህን ጥያቄ ልተወው፤ መልሱን ስለማውቀው። በአሥራ አራት የሚመነዝረውን ቤት ባለቤት ከሜይ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ እግር አለው፤ ፀጉር ይቆርጣል፤ ሂሳብ አይችልም። «ምክንያቱን እሷን ጠይቃት» ብለኸኝ አልነበር? አንተ እጅህን ልትታጠብ ስትሄድ ኢርማን ጠየቅኋት። «አቶ አማዴዮ፣ እኔ ምግብ ነው የምሸጠው» አለችኝ። «ምሳዬ ሁለት መቶ ሰማንያ ነው። ከእርስዎ ሃያ ፔሶ የማገኘውን አገኛለሁ፣ የጎደለውን ሰኞ ሰኞ ቼላ ታመጣልኛለች። እኔ የማውቀው ሙሉ መከፈሌን ነው። ለእሱ እንዳይነግሩት፤ ይገድለኛል።» ከዚያ አንተ ወንበርህን እያንገጫገጭህ መጣህና ስለ አየሩ ማውራት ጀመርን።

ዝም ያልኩት አንተ ዝም ስላልክ ነው። የጠየቅኸኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኮርቼ እንድመጣ። ስለዚህ ኮርቼ መጣሁ። ሾርባም ያዘዝኩት ቼላ ሰኞ የምታመጣው እንዲያንስ ብዬ ነው። ያ ጎረቤቱ ጥርሴ ምንም አልሆነም። አጠገቤ ያ የጎድን አጥንት ሲያልፍ ምን እንደተሰማኝ እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አንተ ደግሞ ተቀምጠህ አኮረፍክብኝ!

ያ የኤፕሪሉ አራት መቶ ሃያ አለ። የብስኩት ጣሳ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የኔ ስላልነበረ አልመነዘርኩትም፤ ልመልስልህም አልቻልኩም፤ ብመልስልህ እንዳወቅሁ ታውቅ ነበር። ገንዘባችሁ ሲወድቅ እሱም ጣሳው ውስጥ እንዳለ ወድቋል። ግን በሴቬሪኖ አፍ ልኬ ኢርማን አስጠይቄያለሁ፤ ዋጋ ጨምራለች፣ ቢሆንም ለሦስት ሰው ሥጋ ይበቃል ብላለች። ሴፕቴምበር 7 ይዤው እመጣለሁ። ያንተ ገንዘብ ነው፤ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ። ይህን ማን እንዳሸነፈ አንተው በሕግ ፍረደው።

ከዚያ በኋላ ላሉት ወሮች ደግሞ ጓሮዬ ውስጥ ጠብሼ በድስት ይዤ እመጣለሁ። ኢርማ ሳህንና ጥግ ታበድረናለች፤ እሷም ትበላለች። ገንዘብህን እስኪለቁልህ፣ እግርህንም እስክታገኝ እንዲህ እናደርጋለን። ካላገኘህም እንዲህ እናደርጋለን።

ደንቡ ግን መለወጥ አለበት። እስከ ዛሬ ገንዘቡ የበረታው ሲሻገር ኖሯል። አሁን የበረታ ገንዘብ ከሁለታችንም ዘንድ የለም። ከእንግዲህ ሁለት እግር ያለው ይሻገር።

ጀልባው የሚደርስበትን ሰዓት ታውቃለህ።

አበልጅህ አማዴዮ

—

ሳልቶ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2002

አበልጄ፣

በደንቡ ተስማምቻለሁ። ሥጋው ታዟል። ሾርባ ብትጠይቅ እንዳትሰጥህ ኢርማን አስምያታለሁ፤ ስለነገረችህ ግን አሁንም አኩርፌያታለሁ፣ እስከ ቅዳሜ ይለቀኛል።

ቼላ በሳቅና በልቅሶ መሃል ሆና ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ሃያ ኪሎው ዱቄት ገና አላለቀም፤ ኬክ ልጋግርለት ብላለች።

በዚህኛው ቅዳሜ ኢርማ ቤት ውስጥ አልጠብቅህም። ቼላ ወንበሬን እስከ ወደቡ ትገፋልኛለች። ሰው ያየኛል፤ ይየኝ። እታችኛው ደረጃ ላይ እንዳትፈልገኝ፤ መውረድ አልችልም። ከላይ ሆኜ እጄን እዘረጋለሁ። አንተ ደረጃውን ውጣ።

ኤልቢዮ